ለፑል ዱላ ቲፕ ስትመርጡ መጀመሪያ ሚሊሜትሩን

ቲፕ (የዱላው ጫፍ ላይ ያለውን፣ ኳስ የሚነካውን ቆዳ) ሊቀይር ያሰበ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛው ብራንድ ይሻላል?» ብሎ ነው። ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የዱላው ጫፍ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ ቲፑ በምን እንደሚያያዝ፣ በምን ዓይነት ጠረጴዛና በስንት ሚሊሜትር ኳስ እንደምትጫወቱ እወቁ። ሦስቱ ከታወቁ ምርጫው ራሱ ይጠባል። ከተረፉት ውስጥ ደግሞ በርካሽ ተገዝቶ በጥንቃቄ የተለጠፈው፣ በውድ ተገዝቶ በችኮላ ከተለጠፈው ይሻላል። ይህን ደፍሬ የምለው የቲፕ ችግር ተብሎ የሚመጣው ነገር አብዛኛው የአለጣጠፍና የቅርጽ ችግር ስለሆነ ነው።

ቲፑ የሚቀመጥበትን ነጭ ቀለበት (ስኑከር ዱላ ላይ ነሐስ ነው፤ ፌሩል ይባላል) በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለኩት። ካሊፐር ከሌለ ቀጭን ወረቀት ዙሪያውን ጠቅልሉና የተገናኘበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉ። ዙሪያው 40 ሚሊሜትር ከሆነ ጫፉ 12.7 ገደማ ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ፑል ዱላ በብዛት ከ12.5 እስከ 13 ሚሊሜትር ነው። ቀጭን የሚወዱ ወደ 11.8 የሚወርድም ያገኛሉ። የስኑከር ዱላ ከ9 እስከ 10፣ የእንግሊዝ ፑል ከ8 እስከ 9፣ ኪስ በሌለው ጠረጴዛ የሚጫወቱት ካራምቦል ደግሞ ከ11 እስከ 12 ይሆናል። ልዩነቱ የመጣው ከኳሱ ነው። የአሜሪካ ፑል ኳስ 57.15 ሚሊሜትር፣ የስኑከር 52.5፣ የእንግሊዝ ፑል 50.8 ሲሆን በእንግሊዝ ፑል ነጯ (በዱላ የምትመታው ኳስ) ብዙ ጊዜ ከዚያም አንሳ 47.6 ትሆናለች። ትንሽ ኳስ በ13 ሚሊሜትር ጫፍ መምታት ይቻላል፤ ግን የት እንደምትመቷት በዓይን ለመለየት ያስቸግራል።

ስትገዙ ከፌሩሉ ትንሽ ሰፋ ያለውን ግዙ። ለ12.75 ወይም ለ13 ጫፍ የ14 ሚሊሜትር ቲፕ፣ ለ9.5 የስኑከር ጫፍ የ10 ወይም የ10.5 ቲፕ ይበቃል፤ ትርፉ ከተለጠፈ በኋላ ይከረከማል። በትክክል ልኩን ገዝታችሁ መሃል ላይ ለማስቀመጥ ብትሞክሩ በአንድ ወገን ሩብ ሚሊሜትር ይጎድላል፤ በዚያ በኩል የፌሩሉ ጠርዝ ይጋለጥና ቆይቶ ይሸረፋል። የዓለም ፑል ማኅበር ደንብ ቲፕ ከ14 ሚሊሜትር እንዳይሰፋ ይላል፤ ስለዚህ ለውድድር የምትዘጋጁም ብትሆኑ ከዚህ በላይ የምትፈልጉበት ምክንያት የለም።

አያያዙ ሦስት ዓይነት ነው። በሙጫ የሚለጠፍ፣ ጥርስ ባለው ብረት የሚጠመዘዝ፣ እንደ ክዳን ተገፍቶ የሚገባ። ግድግዳ ላይ ለሁሉም የቆሙ የፑል ቤት ዱላዎች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት የኋለኞቹን ሁለቱን ነው፤ ለባለቤቱ መቀየር ቀላል ስለሆነ። የሚጠመዘዘው ትንሽ ሲላላ በየምቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ምቱም ይደክማል። ምትክ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጥርሱ ውፍረት ከዱላ ዱላ ይለያያል። የብረት መቀመጫው ደህና ከሆነ ደግሞ ቆዳውን ብቻ ፍቆ አውጥቶ በላዩ ሌላ ጥሩ ቆዳ መለጠፍ ይቻላል። ርካሽ ዱላን ለማሻሻል ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። የራሳችሁን ዱላ የምትገዙ ከሆነ ግን በሙጫ የሚለጠፈውን ምረጡ።

ቆዳው አንድ ወጥ ወይም ድርብ ነው። አንድ ወጡ ከአንድ ወፍራም ቆዳ ተቆርጦ የተጨመቀ ነው። ትራያንግል፣ ሌ ፕሮ፣ ኤልክማስተር፣ ብሉ ዳይመንድ የሚባሉት የዚህ ወገን ናቸው። ዋጋቸው ዝቅ ይላል፤ በሣጥንም ይሸጣሉ። ጉድለታቸው ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ቲፖች አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው፤ ቆዳ ከእንስሳው ጀርባና ከሆዱ እኩል አይጠነክርምና። ስለዚህ ከሣጥን ሲመረጥ እያንዳንዱን ከአንድ ስንዝር ከፍታ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ጣል እያደረጉ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ጥርት ብሎ የሚጮኸው ጠንካራው ነው፤ ድፍን ድምፅ ያለው ለስላሳው። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ለይታችሁ ካስቀመጣችሁ ቀጣዩ ቲፕ ካለፈው ብዙ አይርቅም። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ባለሙያዎች ለስላሳውን ኤልክማስተር ወተት ውስጥ ዘፍዝፈው በሞርሳ ይጨምቁትና አድርቀው ጠንካራ ቲፕ ያወጡበታል። ይሠራል፤ ግን ለአንድ ዱላ ያን ያህል መልፋት አያስፈልግም።

ድርቡ ብዙ ስስ ቆዳ፣ በብዛት የአሳማ፣ በሙጫ ተደራርቦ የተሠራ ነው። የጃፓኖቹ ሞሪና ካሙይ፣ የአሜሪካው ታይገር በዚህ ይታወቃሉ። ከአንድ ወጡ ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ። የምትከፍሉት ዛሬ የተሰማችሁ ምት ከወር በኋላም እንዲሰማችሁ ነው፤ ድርቡ እየተጨመቀ አይደነድንም፣ ቶሎም ወደ ጎን አይተረተርም። ድክመቱ ሙጫው ነው። አንድ ድርብ ከተላቀቀ በጥፍራችሁ የሚነሳ ቅርፊት ይወጣል፤ ያን ጊዜ እስከ ቀጣዩ ጤነኛ ድርብ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ማውረድ፣ ያም ካልበቃ መጣል ነው። ስትገዙ በጎኑ ያሉት መስመሮች ከመቀመጫው ጋር ትይዩ መሆናቸውን እዩ። የተጣመመ መስመር፣ ደብዛዛ ማኅተም፣ ከተለመደው እጅግ የወረደ ዋጋ አስመስሎ የተሠራ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ውድ ቲፖች ላይ ይህ ብርቅ አይደለም።

አሁን ብዙ ክርክር ወደሚነሳበት ወደ ጥንካሬው። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ የሚለው ስም በሁሉም ፋብሪካ አንድ መለኪያ የለውም፤ የአንዱ መካከለኛ ለሌላው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ብራንድ ስትቀይሩ ስሙን አትመኑ። «ለስላሳ ቲፕ ብዙ ስፒን (የኳስ መሽከርከር) ይሰጣል» የሚባለውም እንደሚወራው አይደለም። ቲፑ ከኳሷ ጋር የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ስፒኑን የሚወስነው ከመሃል ስንት ሚሊሜትር ርቃችሁ እንደመታችሁና በምን ፍጥነት እንደመታችሁ ነው። ለስላሳው የሚያግዛችሁ ቾክ (ቲፑ ኳሷ ላይ እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ዱቄት) በደንብ ስለሚይዝ ዳር ስትመቱ ይቅር ባይ መሆኑ ነው። በምትኩ ጉልበት ይወስድባችኋል፣ ቶሎ ይጨመቃል፣ ጎኑ እንደ እንጉዳይ ይሰፋል፣ በየጊዜው መከርከም ይፈልጋል። ጠንካራው ቅርጹን ይጠብቃል፣ ለተመሳሳይ ምት ኳሷን ፈጠን ያደርጋታል፣ ድምፁም ጥርት ይላል፤ ግን ላዩ ቶሎ ሻካራነቱን ስለሚያጣና ስለሚያብለጨልጭ ቾክ የረሳ ሰው ወዲያው ይቀጣል።

የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ለጀማሪ መካከለኛ አንድ ወጥ፤ በሳምንት ብዙ ሰዓት ለሚጫወት መካከለኛ ድርብ። ስኑከር ተጫዋች ኳሷን በቀስታ ስለሚያስኬድ ወደ ለስላሳው ቢጠጋ ምክንያት አለው። ለመበተኛ (ጨዋታውን ለሚከፍተው ኃይለኛ ምት) የተለየ ዱላ ያለው ሰው በእሱ ላይ በጣም ጠንካራ ቆዳ ያድርግበት። ለመበተን ብቻ የሚሠራ ፌኖሊክ የሚባል ከሙጫና ከጨርቅ የተጨመቀ ጠንካራ ቲፕ አለ፤ ኃይሉ ትልቅ ነው፣ ቾክ ግን አይዝም፣ ስለዚህ መሃል ለመሃል ካልሆነ አትምቱበት። በውድድር ከመጠቀማችሁ በፊት አዘጋጁን ጠይቁ፤ በየቦታው ደንቡ አንድ አይደለም።

ከጥንካሬው ይልቅ ጨዋታውን የሚለውጠው የጉልላቱ (የቲፑ ክብ አናት) ቅርጽ ነው፤ ምክንያቱም በቀላል ሒሳብ ይታያል። ነጯን ከመሃሏ ርቃችሁ መምታት የምትችሉት እስከ ሬዲየሷ ግማሽ ድረስ ነው፤ በ57 ሚሊሜትር ኳስ 14 ሚሊሜትር ገደማ። ከዚያ ካለፈ ቾክ ያለውም ቲፕ ይንሸራተታል። በዚያ ዳርቻ ስትመቱ ቲፑ ኳሷን የሚነካው በራሱ አናት ላይ አይደለም፤ ከአናቱ የጉልላቱን ሬዲየስ ግማሽ ያህል ርቆ ነው። ጉልላቱ የ9 ሚሊሜትር ሬዲየስ ካለው ነጥቡ 4.5 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። 10.5 ከሆነ 5.25 ላይ። የ13 ሚሊሜትር ቲፕ ከመሃል እስከ ጠርዝ 6.5 ስለሆነ ሁለቱም ይበቁታል። ጉልላቱ ጠፍቶ ሬዲየሱ 20 ቢደርስ ግን ነጥቡ 10 ላይ መዋል ነበረበት፤ እዚያ ቆዳ የለም። ስለዚህ ኳሷን የሚያገኛት ሹሉ ጠርዝ ነው፤ ዱላው ያመልጣል። በ9.5 የስኑከር ቲፕ ግማሹ 4.75 ብቻ ስለሆነ 10.5 አይሆንም፤ 9 ወይም ከዚያ የከበበ ጉልላት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያሉ ተጫዋቾች ለዚህ ሁለት ሳንቲሞች ይጠቀማሉ፦ ዳይም ሬዲየሱ 9 ገደማ ነው፣ ኒኬል 10.5 ገደማ። ሳንቲሙ በሌለበት በኮምፓስ ወፍራም ካርቶን ላይ የ9 እና የ10.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ክብ አውጡ፤ ቀዳዳውን በጥንቃቄ ቆርጣችሁ ከመሃል ከፍላችሁ ግማሹን ቲፑ ላይ አስቀምጡና ወደ ብርሃን አዙሩ። ብርሃን በመሃል ካለፈ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ በሁለቱም ዳር ካለፈ ከልኩ በላይ ሾሏል። በጣም የሾለ ቲፕ ደግሞ አናቱ ቶሎ ይጠፈጠፋል፤ ለትንሽ የእጅ ስሕተትም ስፒን ይጨምራል። ለ13 ሚሊሜትር ከ10.5፣ ከ12 ለሚያንስ ከ9 ብትጀምሩ አትሳሳቱም።

አለጣጠፉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የሚያስፈልገው አዲስ ምላጭ ወይም ከተር፣ ቁጥር 120፣ 240፣ 400 እና 600 ብርጭቆ ወረቀት፣ ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር፣ የመስታወት ቁራጭና የእንጨት መክተፊያ ነው። ጄል ያልኩት በምክንያት ነው፦ ውሃ የመሰለው ቀጭን ሱፐር ግሉ ወደ ቆዳው ሰርጎ የቲፑን ግማሽ እንደ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ለስላሳ ገዝታችሁ ጠንካራ ታገኛላችሁ።

አሮጌውን ቲፕ ከፌሩሉ አንድ ሚሊሜትር ከፍ ብላችሁ ቁረጡ፤ የቀረውን ምላጩን ጠፍጣፋ ይዛችሁ ላጩት። ከዚያ ቁጥር 120 መስታወቱ ላይ ዘርጉና የፌሩሉን አፍ በቀስታ እያዞራችሁ አሹት። አደጋው ዱላው ማዘንበሉ ነው፤ እጅ ሳይታወቀው ይወዛወዝና አፉ ይጎብጣል። ጎኑ ዘጠና ዲግሪ የሆነ እንጨት መስታወቱ ላይ አቁማችሁ ዱላውን በእሱ ብትደግፉ ይቀራል። አሮጌው ሙጫ ሲጠፋ አቁሙ፤ ፌሩሉን መብላት አያስፈልግም። የምላጩን ቀጥ ያለ ጠርዝ በአፉ ላይ አስተኝታችሁ ወደ መብራት እዩ፤ ከሥሩ ብርሃን መታየት የለበትም። የካርቦን ዱላ ያላችሁ እዚህ ላይ ይበልጥ ተጠንቀቁ፦ ዱላውን ራሱን አትሹ፣ አቧራውን አትሳቡ፣ አሮጌውን ቲፕ በእሳት ለማላቀቅ አትሞክሩ።

የአዲሱን ቲፕ መቀመጫም በዚያው ቁጥር 120 ላይ በትንሹ አሹት፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ልሙጥ ስለሆነ ሙጫ አይጨብጥም። ከሥሩ የፋይበር ንጣፍ ያለው ቲፕ ሲሆን ንጣፉን መቧጨር ብቻ ይበቃል፤ ንጣፉ ፌሩሉ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል። ከታሸ በኋላ በጣት አትንኩት፤ የእጅ ቅባት ብቻውን ቲፕ ያስነሳል።

ሙጫው ለ13 ሚሊሜትር ጫፍ ከአንድ የስንዴ ቅንጣት አይብለጥ። በጥርስ መፋቂያ እንጨት አዳርሱት፤ ከጠርዙ አንድ ሚሊሜትር ተዉ። ቲፑን አስቀምጡ፣ ከአራቱም በኩል እያያችሁ መሃል አድርጉት፣ ከዚያ ዱላውን ገልብጣችሁ መክተፊያው ላይ ለአንድ ደቂቃ ተጫኑት። ሱፐር ግሉ የሚጠነክረው በአየሩ እርጥበት ነው፤ በደረቁ የበጋ አየር ስለሚዘገይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጡት። ማታ ለጥፎ ጠዋት መከርከም ከሁሉም ይሻላል።

ለመከርከም ፌሩሉን በፕላስተር ሸፍኑ፤ ቲፑን ወደ ታች አድርጋችሁ መክተፊያው ላይ አቁሙት፤ ምላጩን ከፌሩሉ ጎን ወደ ታች እየገፋችሁ ስስ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ዱላውን እያዞራችሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ለመቁረጥ የሚሞክር ሰው ድርቡን ይገነጥላል። የቀረችውን ትርፍ በ240፣ ቀጥሎ በ400 እና በ600 ጎኑን ብቻ አሹ። አሁን ጎኑን በእርጥብ ጣት ነካ አድርጋችሁ በቆዳ ቁራጭ ወይም በወፍራም ወረቀት አጥብቃችሁ በፍጥነት ፈትጉት፤ ሙቀቱና እርጥበቱ የቆዳውን ጎን ያደነድኑታል፣ ያብረቀርቃልም። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከሳምንት በኋላ «ቲፑ ተተረተረ» የሚለውም እሱ ነው። በመጨረሻ ጉልላቱን በቁጥር 120 ከዳር ወደ አናት እየጠረጋችሁ፣ ዱላውን በየጊዜው ትንሽ እያዞራችሁ አውጡት፤ በካርቶኑ እየለካችሁ።

ይህን በድሪል እያሽከረከሩ የሚሠሩ አሉ፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል። ዱላውን ወደ ብረት ቶርኖ ቤት መውሰድም አይመከርም፤ ለብረት የተሠራው መንጋጋ እንጨቱን ይጨፈልቀዋል። ለዱላ የተዘጋጀ ቶርኖ ያለው ሰው ካገኛችሁ ግን ከእጅ ሥራ የጠራ ያወጣላችኋል።

ቲፑ ተነስቶ ከወደቀ ከመቆጣት በፊት ሙጫው የት እንደቀረ እዩ። ሁሉም ፌሩሉ ላይ ከቀረ የቲፑ መቀመጫ አልታሸም፤ ሁሉም ቲፑ ላይ ከሆነ ፌሩሉ ቅባት ነበረበት ወይም አሮጌ ሙጫ ቀርቶበታል። መሃሉ ላይ ጨርሶ ካልነካ አንዱ ወገን ጠፍጣፋ አልነበረም። ሳይወድቅ ምቱ ድፍን ሆኖ ከተሰማችሁ ከፊሉ ተላቋል፤ ቲፑን በአውራ ጣት ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ መስመር ሲከፈት ካያችሁ አውጥታችሁ እንደገና ለጥፉት። ቀጭ የሚል ድምፅ ካለና ቲፑ ጽኑ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፌሩሉ ነው።

ቾኩን ቸል አትበሉ። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ፈረንሳዊው ካፒቴን ፍራንሷ ሜንጎ ቆዳ በዱላ ጫፍ ላይ ሲያስለምድ፣ ኳስን ከመሃል አርቆ መምታት የሚቻል ሆነ፤ ቆዳው እንዳይንሸራተት ግን ሻካራ ነገር ይፈልግ ነበር። ዊሊያም ስፒንክስና ዊሊያም ሆስኪንስ እ.ኤ.አ. በ1897 የባለቤትነት መብት ያወጡበት የዛሬው ዓይነት ቾክ ጠመኔ የለበትም፤ ሲሊካና ጠንካራ የማዕድን ዱቄት ነው። የሰሌዳ ጠመኔ ስለዚህ አይተካውም። ከየምቱ በፊት ጉልላቱን እስከ ዳር ድረስ ቀለል አድርጋችሁ ቀቡት፤ መሃሉ የጎደጎደ ቾክ አናቱን ብቻ ይነካና ፌሩሉን ይፈገፍጋል፣ ስፒን የምትሰጡበት ዳር ባዶ ይቀራል።

ላዩ ማብለጭለጭ ሲጀምር በብርጭቆ ወረቀት አንድ ሁለቴ ነካ አድርጉት ወይም ጥርስ ባለው መውጊያ ቀጥ አድርጋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። መውጊያውን ወደ ጎን አትጎትቱ፤ ድርብ ቲፕ በዚያ ይቀደዳል። በየቀኑ መቧጨር ልማድ የሆነባቸው ተጫዋቾች ቲፑን በጨዋታ ሳይሆን በብርጭቆ ወረቀት ይጨርሱታል። ዱላውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ሙጫው ይላላል፣ እንጨቱም ይጎብጣል።

ጎኑ ከፌሩሉ በላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ሲቀረው አዲስ አዘጋጁ። ከዚያ በታች ቆዳው ድንጋጤውን ስለማይውጥ ፌሩሉ ይሰነጠቃል፤ ለፌሩል መቀየሪያ የሚከፈለው ደግሞ ከብዙ መልካም ቲፖች ዋጋ ይበልጣል።